ጽና እንዴት ይጸዳ?



ድርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ወደሙ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ። ስጋቴ ከእሳት ያመለጠውን ንዋየ ቅድሳት እኛው በአመድና በአሸዋ ፍቀን እንዳንጨርሰው ነው። ዛሬ የምናገረው ስለ ዕጣን ማጠኛው ጽና ነው፤ የምለውም አንድ ነው፦ እድፉን እናንሳ፣ ናሱን ግን አንፋቅ።

እድፉ ከየት ይመጣል? ከመተማና ከቋራ ቆላ የሚወጣው ዕጣን የሚተን ዘይት፣ በውሃ የሚሟሟ ሙጫና በአልኮል የሚሟሟ ሬዚን አለው። ፍም ላይ ሲወድቅ ዘይቱ መዓዛ ሆኖ ይሄዳል፤ ሙጫው ከታች ይከስላል፤ ከሬዚኑ ከፊሉ ከጢሱ ጋር ወጥቶ ቀዝቀዝ ባለው ክዳንና ሰንሰለት ላይ ይጋገራል። ውሃ ብቻውን ይህን ጥቀርሻ የማያስለቅቀው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጽናው ፈጽሞ ሲበርድ አመዱ በዕለቱ ይደፋ። አመድ እርጥበት ይስባል፤ ክረምት ጉም በሚበዛባቸው በዳባትና በደባርቅ ብረቱን የሚበላው ይኸው እርጥብ አመድ ነው። የከሰለው በእንጨት ስንጥር ይነሳ። የተጋገረው ሬዚን የሕክምና አልኮል በነካው ጥጥ ይጠረግ፤ ጧፍም ሆነ ፍም በአጠገቡ አይኑር፣ አልኮል ይቀጣጠላልና። በመጨረሻ በእርጥብ ጨርቅ ታብሶ በደንብ ይድረቅ።

ሰንሰለቱ ቀለበት በቀለበት ይታይ፤ የሳሳ ቀለበት አንድ ቀን ፍሙን ከነጽናው ምንጣፍ ላይ ይጥለዋል። ሻኩራው ውስጥ የገባው ጥቀርሻም ይውጣ፤ ድምፁን ያፍነዋል።

ሎሚና ጨው ናስን እንደሚያበሩ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ሎሚው ከናሱ ላይ መዳቡንና ዚንኩን እያሟሟ ያነሳል፤ በየስንጥቁ የቀረው ጨው ደግሞ አረንጓዴ ዝገት ያመጣል። አሸዋውም የተቀረጸውን መስቀልና ጽሕፈት ቀስ በቀስ ያጠፋዋል። ዛሬ ያብለጨለጨው ነገ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደሰጠው የማይነበብ ይሆናል።

የጥንት ጽናና ወርቅ የተቀባ ሁሉ ለቅርስ ጥገና ባለሙያ ይተው። ለሌላው ግን ሥርዓቱ የሚፈቅድለት አገልጋይ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ጥጥና ጥቂት አልኮል ይበቃሉ። እያንዳንዱ ዕቃ ቤት አንድ መዝገብ ይክፈት፤ ጽናው መቼ እንደጸዳ፣ በምን እንደጸዳና የትኛው ቀለበት እንደተተካ ይጻፍበት። ተተኪው ጠባቂ ሥራውን ከዚያ ይጀምራል።