ስለ ልብና ስለ ደም ግፊት፤ ወደ ሐኪምም ስለሚኬድበት ጊዜ

በጊዳ አያና ለሚገኙ መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ንግግር



ሰው ለበሽታ ያወጣው ስም አንዳንድ ጊዜ ራሱ ጉዳት ያመጣል። በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ «ደም ብዛት» እየተባለ የሚጠራው ሕመም ለዚህ ምስክር ነው። ስሙን የሰማ ሁሉ የበሽተኛው ደም ከልክ በላይ የበዛ ይመስለዋል። ስለዚህም አንዱ ዋግምት ታግሞ ደሙን ሊያስቀንስ ይሄዳል፤ ሌላው ደግሞ ቀጭን መሆኑን አይቶ «እኔ ከየት አምጥቼ ደም ይበዛብኛል» ብሎ ይስቃል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ደሙ አልበዛም፤ የበዛው ደሙ የሚሄድበትን ሥር የሚገፋበት ኀይል ነው። የጊዳ አያና ገበሬ በኦሮምኛ «ዺባ ዺጋ» ሲል የደም መግፋት ማለቱ ነውና፥ በዚህ ነገር ከአማርኛው ስም ይልቅ የኦሮምኛው ወደ እውነቱ ይቀርባል። በአማርኛም «የደም ግፊት» ማለት ይሻላል።

በመጻሕፍት ቋንቋ ልብ የአሳብ መገኛ ነው፤ ልበ ሰፊ፥ ልበ ቢስ፥ ልብ አድርግ ማለትም ከዚሁ የመጣ ነው። ሐኪሞች የሚናገሩለት ልብ ግን የባለቤቱን ጭብጥ እጅ የሚያህል ጡንቻ ነው። ያደገ ሰው ዐርፎ ተቀምጦ ሳለ ልቡ በአንድ ደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ ቀንና ሌሊቱ ሲደመር 100,000 ያህል መሆኑ ነው። በየምቱም ደምን ወደ ሥሮች ይገፋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቬይ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1628 ደም በሰውነት ውስጥ ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስ እስኪያስረዳ ድረስ፥ የአውሮፓ ሊቃውንት ራሳቸው ደም በጉበት ተሠርቶ በየብልቱ የሚያልቅ ይመስላቸው ነበር።

ልብ ጨብጦ ሲገፋ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ላልቶ ደም ሲሞላ ግፊቱ ዝቅ ይላል። ሐኪም ሁለት ቍጥር የሚጽፈው ስለዚህ ነው። 120 በ80 ቢል፥ ላይኛው የመግፋቱ፥ ታችኛው የማረፉ መጠን ነው። ቍጥሩም ግፊቱ የባዜቃን፥ ማለት ሜርኩሪ የሚሉትን፥ ዐምድ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚያነሣ ያመለክታል። ክንድን በሚነፋ ጨርቅ ጠምጥሞ መለካትን በ1896 ኢጣልያዊው ሪቫ ሮቺ አሳየ፤ በ1905 ደግሞ ሩሲያዊው ኮሮትኮቭ በማዳመጫ ማድመጥን ጨመረበት፤ ሁለቱም ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በልዩ ልዩ ቀን ተለክቶ ላይኛው 140 ወይም ከዚያ በላይ፥ ወይም ታችኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የተገኘ ሰው የደም ግፊት ሕመም አለበት ይባላል።

ክፋቱ ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ አለማመሙ ነው። ከኮረብታ ወደ አትክልት የሚወርድ ቦይ ውኃ ሲበረታበት በአንድ ቀን አይናድም፤ ዳሩ እየተቦረቦረ ይቈያል። ባለ አትክልቱም ሲናድ እንጂ ሲቦረቦር አያየውም። በአንጎል፥ በልብ፥ በኩላሊትና በዐይን ውስጥ ያሉትም ሥሮች በብዙ ዓመት ግፊት እንዲሁ ይጎዳሉ፤ ሰውየው ግን ያርሳል፥ ይነግዳል፥ ለቅሶ ይደርሳል። በ2007 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆነው ሰዎች ከመቶው 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ከእነርሱም የሚበዙት ሕክምና ያልጀመሩ ነበሩ።

የዚህን ሕመም ጠባይ ለማወቅ አንድ የታወቀ ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። በየካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ በግብፅ አገር በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመ የጦር መርከብ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ከፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋራ ተገናኙ። ሩዝቬልት ከዚያ በኋላ የቈዩት ሁለት ወር ብቻ ነው። በሚያዝያ 4 ቀን ተቀምጠው ሳሉ ከራሳቸው ኋላ ብርቱ ሕመም ተሰማቸው፤ ወዲያው ራሳቸውን ሳቱ፤ በዚያው ቀን ዐረፉ። ሐኪማቸው በዚያች ሰዓት የለካው ላይኛው ቍጥር እስከ 300 ደርሶ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊትም ግፊታቸው 186 በ108 ሆኖ ተገኝቶ ነበርና ነገሩ ያልታወቀ አልነበረም። የልብ ሐኪም አጠገባቸው ነበር፤ ጨው እንዲቀንሱ፥ ሲጋራ እንዲያሳንሱ፥ እንዲያርፉም ተመክረው ነበር። ግፊቱን በደኅና የሚያወርድ ኪኒን ግን ገና አልተገኘም። ክሎሮታያዛይድ የሚባለው መድኃኒት ለበሽተኞች መታዘዝ የጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1958 ነው። የእርሱ ዘመድ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፥ ደግሞም አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል ዛሬ በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ይታዘዛሉ። እንግዲህ በአያና ገበያ በቆሎ የሚሸጥ ገበሬ ያ ኀያል ሰው ያላገኘውን መድኃኒት ሊያገኝ ይችላል፤ ይህም አስቀድሞ ከተለካ ነው።

በመለካትም ጊዜ ስሕተት እንዳይገባ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሩ ተጉዞ፥ ዳገት ወጥቶ፥ በገበያ ሲከራከር ቈይቶ ወደ ጤና ጣቢያ የገባ ሰው ወዲያው ቢለካ ቍጥሩ ከእውነቱ ከፍ ይላል። ቡና ጠጥቶ ወይም ሲጋራ አጭሶ ግማሽ ሰዓት ያልሞላውም እንደዚሁ ነው። ሽንቱን ሸንቶ፥ ጀርባውን ተደግፎ፥ እግሩን ሳያነባብር መሬት ላይ አድርጎ፥ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ ክንዱም በልቡ ትክክል ይደገፍ። ሁለት ጊዜ ተለክቶ ቍጥሩ በካርዱ ላይ ይጻፍለት። «ደኅና ነው» ከመባል ይልቅ ቍጥሩን ማወቅ ይጠቅማል፤ ቃል ይረሳል፥ የተጻፈ ግን ለሚመጣው ጊዜ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሰው ሁሉ ምንም ባያመው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ቢለካ መልካም ነው።

ስለ ምግብ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ስለ ጨው ግን ማለት ያስፈልጋል። በወለጋ ገጠር ቡናን በጨው መጠጣት የቈየ ልማድ ነው። ሦስት ጊዜ በሚፈላ ቡና፥ በየስኒው ጥቂት ጥቂት ጨው የሚጠጣ ሰው በቀኑ መጨረሻ ስንት እንደ ጠጣ አያውቅም። በሽሮውና በበርበሬው ውስጥ ደግሞ አስቀድሞ የገባ ጨው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ላደገ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ጨውን ፈጽሞ መተው አይደለም፤ አዮዲን የገባበት ጨው እንቅርትን ይከላከላልና። መጀመሪያ ከቡናው ላይ ማስቀረት ግን ለማንም አይከብድም፤ ይህንም እናቶች ከሁሉ አስቀድመው ሊያደርጉት ይችላሉ። አረቄና ትንባሆ ልብን እንደሚጎዱ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚተው ግን ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ኪኒኑን መቀጠል ነው። አንድ ሽማግሌ ግፊታቸው 170 በ100 ሆኖ ተገኝቶ መድኃኒት ተሰጣቸው እንበል። ከሁለት ወር በኋላ 130 በ80 ሆነ። በሦስተኛው ወር ቀሩ፤ በስድስተኛው ወር ሌላ ነገር አሟቸው ሲመጡ ነርሷ «አባቴ፥ ኪኒኑን ለምን ተዉት?» ብትላቸው «ልጄ፥ ተሻለኝ እኮ፤ የተሻለው ሰው ደግሞ መድኃኒት ይውጣል?» ይሏታል። መልሳቸው ለወባ ቢሆን ትክክል ነበር፤ የወባ መድኃኒት ሲያልቅ ያልቃልና። ለደም ግፊት ግን ቍጥሩ የወረደው በኪኒኑ ነው፤ ኪኒኑ ሲቀር ግፊቱ ይመለሳል፤ ሲመለስም ድምፅ አያሰማም። መድኃኒቱ ደረቅ ሳል ወይም የቍርጭምጭሚት እብጠት ቢያመጣ ለሐኪም ተነግሮ ይለወጣል እንጂ በቤት አይጣልም። ጸበልና ጸሎት የሚሻ ይሻ፤ ጾምም የሚጾም የሚውጥበትን ሰዓት ከሐኪሙና ከነፍስ አባቱ ጋራ ይማከር፤ ኪኒኑን ግን አያቋርጥ።

በዚህ አገር ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በጊዳ አያናና በአጎራባቹ ወረዳዎች በደረሰው ግጭት ብዙ ቤተ ሰብ ከቀዬው ተነቅሎ ነበር፤ መንገድም ይዘጋ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የቈሰለ ሰው ይታያል፥ ይታዘንለታልም፤ ኪኒኑ ያለቀበት ሰው ግን ለማንም አይታይም። ስለዚህ መድኃኒቱ ሳያልቅ አስቀድሞ መቀበል፥ ሲቻልም ሐኪሙን የሁለት ወይም የሦስት ወር እንዲያዝ መለመን ይገባል። የመድኃኒቱን ስምና መጠን፥ የመጨረሻውንም ቍጥር ከቤት ልጆች ማንበብ የሚችለው በወረቀት ላይ ጽፎ ይያዝ። ድንገት ወደ ሌላ ቦታ የሄደ ሰው ያችን ወረቀት ለማያውቀው ሐኪም ቢያሳይ ሕክምናው ከመጀመሪያ አይጀመርም።

እስከዚህ የተነገረው በዝግታ ስለሚሠራው ነው። ቀን የማይሰጠው ግን ሌላ ነው። ደረት መካከል እንደ ድንጋይ የሚጫን፥ ወደ ግራ ክንድ፥ ወደ አንገት፥ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ፥ ላብና ማቅለሽለሽ ያለበት፥ ዐርፈው እንኳ የማይለቅ ሕመም የልብ ነው ተብሎ ይታሰብ። በሴቶችና በሽማግሎች ግን አንዳንድ ጊዜ ያለ ደረት ሕመም የትንፋሽ ማጠርና ድካም ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የሰው ፊት በአንድ ወገን ቢወድቅ፥ አንድ እጁ ወይም አንድ እግሩ ድንገት ቢዝል፥ አንደበቱ ቢተሳሰር የአንጎል ምት ነው። ከባድ የራስ ሕመም ከዐይን መጨለም ወይም ከመደናገር ጋራ፥ ራስን መሳትም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ሁሉ በዚያችው ሰዓት ወደ ሕክምና መሄድ ይገባል፤ ምልክቱ በጥቂት ደቂቃ ቢጠፋ እንኳ መቅረት አይገባም፥ ታላቁ ምት ሊከተል ይችላልና። ተጋድሞ መተንፈስ ያቃተው፥ እግሩም ያበጠ ሰው ደግሞ በዚያው ቀን ይታይ።

ብዙ ሰዎችን ያጠፋው ምክንያት ሲፈለግ የሚባክነው ጊዜ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት ወር 1902 ዓ.ም. ብርቱ የአንጎል ምት ደርሶባቸው አንደበታቸው በተያዘ ጊዜ መርዝ ነው የሚል ወሬ ተነሥቶ ነበር፤ በታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉም ድረስ አልዳኑም። ዛሬም በገጠር ምች መታው፥ ጠላት አደረገበት እየተባለ ሌሊቱ ያልፋል። እንዲህ ላለው በሽተኛ ምግብም ውኃም በአፉ አይሰጠው፤ መዋጥ ካልቻለ ወደ ሳንባው ይወርዳል። የሌላ ሰውም ኪኒን አይስጡት። ራሱን የሳተ በጎኑ ተጋድሞ ይወሰድ። ነቀምቴ ከአያና ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ፥ መጀመሪያ በወረዳው ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መድረስና ከዚያ መተላለፍ ይሻላል። ሽማግሎች ለዚህ የሚሆን መኪና በቀበሌው የማን እንደ ሆነ፥ ገንዘቡንም እድሩ እንዴት እንደሚያበድር አስቀድመው ቢነጋገሩ፥ በዚያች ሌሊት ክርክር አይኖርም።

ነፍሰ ጡር ሴት ከአምስተኛው ወር በኋላ ግፊቷ 140 በ90 ቢደርስ እንደ ሌላው ሰው ቀጠሮ አትጠብቅም። ራሷን ብርቱ ቢያማት፥ ዐይኗ ቢብለጨለጭባት፥ ፊቷና እጇ ቢያብጥ፥ ከጎድኗ በታች ብትታመም በዚያው ሰዓት ትወሰድ፤ ካልታከመች መንቀጥቀጥ ሊይዛት፥ እናቲቱም ልጁም ሊጠፉ ይችላሉ። የግፊት ኪኒን የምትውጥ ሴት ማርገዟን ባወቀች ጊዜ ለሐኪም ትናገር፤ ኢናላፕሪልን የመሰለው ፅንስን ይጎዳልና ይለወጥላታል።

የመጨረሻው ነገር የሚመለከተው ትምህርት ቤቱን ነው። በኢትዮጵያ የብዙ ወጣቶች የልብ በሽታ የሚጀምረው ከልብ ሳይሆን ከጉሮሮ ነው። ዕድሜው ከ5 እስከ 15 ዓመት የሆነ ልጅ ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ተሐዋሲ ጉሮሮው ታሞ በሚገባ ሳይታከም ቢቀር፥ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ትኵሳትና ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ የሚዛወር ሕመም ሊይዘው፥ የልቡንም በሮች ሊያበላሽ ይችላል። ወላጆች ግን ጉሮሮ ሲታመም እንጥል ያስቈርጣሉ፤ ይህ ተሐዋሲውን አያጠፋም፤ ደም ያፈስሳል፥ ቍስሉም ያመረቅዛል። የሚያድነው በጊዜው የሚሰጥ ፔኒሲሊን ነው። ልቡ አንድ ጊዜ የተነካ ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለብዙ ዓመት ይወጋል፤ በሩ ፈጽሞ ከተበላሸ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ለዚህም በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ተራ የሚጠብቁት ብዙ ናቸው። እንግዲህ አምና ከጓደኞቹ ጋራ ይሮጥ የነበረ፥ ዘንድሮ ግን በትምህርት ቤቱ ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ ቆሞ የሚተነፍስ ልጅ ሰነፍ ተብሎ አይመታ፤ አባቱ ተጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። መርፌ የታዘዘለትም ቢሆን፥ መምህሩ የመርፌውን ቀን በስም መጥሪያው መዝገብ ዳር ጽፎ፥ ያ ቀን ሲደርስ ልጁን ራሱ ያስታውሰው፤ ከትምህርት ቤት በመቅረቱም ቀሪ አይጻፍበት።