የእናታችን ወረንጦ

  ዛሬ የምናነሣው ልብ ስለማንለው አንድ የአላህ ጸጋ ነው።

ዓይናችንን በቀን ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ እናርገበግባለን። ለስላሳ ቆብ በለስላሳ ዓይን ላይ ይህን ያህል ሲመላለስ ለምን አይልጠውም? በመካከላቸው እንባ ስላለ ነው። ይህ እንባ ስናዝን ብቻ የሚመጣው አይደለም፤ ሁልጊዜ ዓይንን የሚሸፍን፣ ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ የውኃ፣ የቅባትና የዝልግልግ ፈሳሽ ሽፋን ነው። ቆቡ የሚንሸራተተው በእሱ ላይ ነው።

እዚህ መራዊ የማውቃቸው አንዲት እናት ግን ይህን ጸጋ አጥተው ነበር። ወረንጦ ከእጃቸው አይለይም፤ ሽፋሽፍታቸውን ሲነቅሉ ዓመታት አለፉ። ልጆቻቸው «የእናታችን ልማድ ነው» ይሉ ነበር። ልማድ አልነበረም፤ ትራኮማ ነበር።

ትራኮማ በልጅነት ደጋግሞ ሲይዝ በቆቡ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ሲኮማተር ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል። ያኔ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ፀጉር ይፍቀዋል፤ እንባም አያድነውም። የተነቀለው ሽፋሽፍት ተመልሶ ሲበቅል ደግሞ አጭርና ሻካራ ሆኖ ይወጋል።

እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ አገር አቀፍ ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ትራኮማ ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ በዘመቻ በታደለው መድኃኒት በብዙ ቦታ ቀንሷል፤ አልጠፋም ግን።

ወገኖቼ፤ እኛ ለውዱእ በየቀኑ ፊታችንን እንታጠባለን። ሶላት ያልደረሰባቸው ሕፃናትስ? ዝንብ የሚያርፈው በእነሱ ዓይን ላይ ነው። ለአንድ ልጅ ፊት ጥቂት እፍኝ ውኃ ይበቃል። በአንድ የሻሽ ጫፍ የሁለት ልጆችን ዓይን አንጥረግ፤ በሽታው እንዲያ ይተላለፋል። ከልጆች ጋር የሚውሉት እናቶች ይበልጥ የሚጠቁትም ለዚህ ነው።

ሽፋሽፍቱ ለተቀለበሰ ሰው ቀዶ ሕክምና አለ። ቆቡ ብቻ ደንዝዞ ይሠራል፤ ታካሚው የዚያኑ ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። የጠፋውን ብርሃን አይመልስም፤ ፍቂያውን ግን ያስቆማል። እኒያ እናት የታከሙት አንድ ዓይናቸው ከደከመ በኋላ ነው። ለምን ዝም እንዳሉ ስጠይቃቸው «ልጆቼን ላለማስቸገር» አሉኝ።

ዛሬ ማታ የእናታችሁን ዓይን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። ወረንጦ ካያችሁ ነገ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችኋቸው ሂዱ።

አላህ ለወላጆቻችን ሐቅ የምንቆም ያድርገን። አሚን።