የጥይት አካሄድ በገደል ምድርና በነፋስ

ለብቸናና ለሞጣ መምህራንና ሽማግሎች የተነገረ ንግግር



በሜዳ ላይ ዒላማ የማይስት ሰው በዓባይ ገደል አፋፍ ቆሞ ቍልቍል በተኰሰ ጊዜ ስቶ ይገኛል። ለመሳቱም የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ጠመንጃው ተበላሸ ይላል፤ ሌላው ጥይቱ አርጅቶ ነው ይላል፤ ሌላውም የሰው ዓይን በላው ብሎ ጠመንጃውን ጸበል ይረጫል። አጠገቡ የቆመው ሽማግሌ ግን ዒላማው ከተተከለበት ቋጥኝ በላይ አቧራ ሲነሣ አይቶ «ልጄ፥ ከፍ አደረግኸው» ይለዋል። ወጣቱም «አባቴ፥ ቍጥሩን በርቀቱ ልክ ነው ያቆምሁት» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ቍጥሩ በርቀቱ ልክ ነበረ፥ አረሩም ከፍ ብሎ አለፈ። ይህ እንዴት እንደሚሆን ማስረዳት የዚህ ንግግር ጕዳይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አረር በቀጥታ መስመር የሚሄድ አለመሆኑን ማወቅ ይገባል። ከአፈ ሙዝ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ፥ ክብደት እንዳለው ነገር ሁሉ፥ ወደ ምድር ይወድቃል፤ ፍጥነቱ ከመውደቅ አያድነውም። መምህሩ ይህን ለልጆች ለማሳየት ሁለት ሳንቲም በጠረጴዛ ጠርዝ ያኑር፤ አንዱን በጣቱ ወደ ፊት አስፈንጥሮ ሌላውን በዚያው ቅጽበት ዝም ብሎ ይልቀቀው። የሁለቱም ድምፅ ከወለሉ ላይ በአንድነት ይሰማል። ሊቁ ጋሊሌኦ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ነገር መርምሮ፥ የተወረወረ ነገር መንገዱ እንደ ደጋን የጐበጠ መሆኑን አስረዳ። የሚወድቀውም በመጀመሪያው ግማሽ ሴኮንድ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ በሙሉው ሴኮንድ ግን 4 ሜትር ከ90 ነው፤ ጊዜው እጥፍ ሲሆን ውድቀቱ አራት እጥፍ ይሆናልና።

በጎጃም ሰው ዘንድ ስሙ የታወቀው ውጅግራ፥ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1874 የወጣው የፈረንሳይ ጠመንጃ፥ 25 ግራም የሚመዝን ወፍራም አረር በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ፍጥነት ይሰድዳል። የጣልያን ወታደር ይዞት የመጣው ባለ 6.5 ሚሊ ሜትሩ ረጅም ጠመንጃ ግን ቀጭኑን አረር በሴኮንድ 700 ሜትር ያህል ይሰድዳል። የአየሩ መከላከል ለጊዜው ሳይቈጠር፥ 300 ሜትር እስኪደርሱ ድረስ የውጅግራው አረር 2 ሜትር ከ20 ሲወድቅ የጣልያኑ 90 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይወድቃል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን፥ በብቸና በኩል ልጅ በላይ ዘለቀ ጦር በመራ ጊዜ፥ ውጅግራውን አኑሮ ከጠላት የተማረከ ጠመንጃ ላነሣ አርበኛ የእጁና የዓይኑ ልማድ ሁሉ ይለወጥበት ነበር ማለት ነው። ጥይትም እንደ ልብ አልነበረም። ከዚያ ቀደም ባለው ጊዜማ ጥይት በኢትዮጵያ ገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፤ የሳተ ሰው ገንዘቡን ነበር ወደ ገደል የጣለው።

አረሩ የሚወድቀውን ያህል ለማካካስ ጠመንጃ ሠሪዎች የኋላውን ማነጣጠሪያ በቍጥር ከፋፍለው አበጁ። ቍጥሩ ከፍ ባለ መጠን አፈ ሙዙ ቀና ይላል። ነገር ግን እነዚህ ቍጥሮች የተቀረጹት በአውሮፓ፥ ለሜዳ ተኩስና ለዝቅተኛ አገር አየር ነው። ጮቄን አያውቁም፤ ዓባይንም አያውቁም።

አሁን ወደ ገደሉ እንመለስ ቢባል፥ ብዙ ሰው ቍልቍል ሲተኰስ አረሩ ዝቅ የሚል፥ ሽቅብ ሲተኰስም ክብደቱ ስለሚጐትተው ከዒላማው በታች የሚቀር ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም፤ ቍጥሩ በርቀቱ ልክ ከቆመ በሁለቱም ከፍ ይላል። ምክንያቱም ይህ ነው። የምድር ስበት ሁልጊዜ እንደ ቱንቢ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው፤ የተኳሹ የማነጣጠሪያ መስመር ግን በገደል ላይ ያዘነበለ ነው። በግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላል ይታሰብ፤ ከመሰላሉ አጠገብ ድንጋይ ቢለቀቅ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፥ ነገር ግን መሰላሉ በቆመ መጠን ድንጋዩ ከመሰላሉ የሚርቀው ጥቂት ብቻ ነው። መሰላሉ በምድር ላይ ቢጋደም ግን ድንጋዩ የወደቀውን ያህል ሁሉ ከእርሱ ይርቃል። ወደ ጥልቅ ጕድጓድ ቀጥ አድርጎ ወደ ታች የሚተኵስ ሰው ቢኖር፥ አረሩ ከመስመሩ ከቶ አይወጣም ነበር፤ ስበቱም መንገዱም አንድ ስለ ሆኑ። ስለዚህ በተዳፋት ላይ ማነጣጠሪያው ለሜዳ የተሰጠውን ያህል አፈ ሙዙን ካነሣ፥ ከሚያስፈልገው በላይ አንሥቶታል ማለት ነው።

ለዚህ የሚበጀው መለኪያ ከዓይን እስከ ዒላማ ያለውን ሰያፍ ርቀት ትቶ፥ በታቹ ያለውን የሜዳ ርቀት መቍጠር ነው። ተዳፋቱ 45 ዲግሪ በሆነ ጊዜ 450 ሜትር የሚመስለው ዒላማ በሜዳ 320 ሜትር ያህል ነው፤ ቍጥሩም በዚሁ ይቆማል። በ450 ላይ ያቆመው ሰው ግን አረሩን ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ አድርጎ ይልከዋል። ተዳፋቱ 30 ዲግሪ ከሆነ 500 ሜትር በ430 ይቈጠራል። ከ15 ዲግሪ በታች ለሆነ ተዳፋት ግን ልዩነቱ ትንሽ ስለ ሆነ ጥሩ ተኳሽም ቢሆን ሊተወው ይችላል።

ይህን የሜዳ ርቀት በትምህርት ቤት ግቢ ለማሳየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ፀሐይ ትበቃለች። በሚያዝያ ወር፥ ሚያዝያ 10 ቀን ግድም፥ ፀሐይ በብቸናና በሞጣ በኩል በቀትር አናት ላይ ትቆማለች፤ ይኸውም በሰዓት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ያህል ሲሆን ነው። በዚያን ጊዜ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ጥላ የለውም ለማለት ያስደፍራል። 10 ክንድ የሆነ ዘንግ በ45 ዲግሪ ቢዘነበል ጥላው በደልዳላ ምድር ላይ 7 ክንድ ያህል ይሆናል፤ በ30 ዲግሪ ቢዘነበል ከ8 ክንድ ተኩል ጥቂት ያልፋል። ዘንጉ የተኳሹ መስመር ነው፤ ጥላው ደግሞ ማነጣጠሪያው የሚቆምበት ቍጥር ነው። በነሐሴም ፀሐይ እንደገና አናት ላይ ትመጣለች፤ የጎጃም ደመና ግን ለዚህ ትምህርት አይመችም።

ይህ ነገር ከመሳት ሐፍረት የሚያልፍ ጉዳትም አለው። ከዒላማው በላይ ያለፈ አረር ቋጥኝ ካልያዘው ጋራውን ይሻገራል፤ ከጋራው ወዲያ እረኛ አለ፥ ከምንጭ ውሃ ቀድታ የምትወጣ ሴት አለች። ከሁሉ የከፋው ሽቅብ ተኩስ ነው፤ ዒላማው ሰማይ በሚታይበት ጫፍ ላይ የተተከለ እንደ ሆነ፥ ከፍ ያለው አረር የሚያርፍበት ቦታ ለተኳሹ አይታይም። የተኳሾቹን ጨዋታ የሚዳኙ ሽማግሎች ማን መታ ከማለታቸው በፊት ዒላማውን ከበስተኋላው ሰፊ አፈር ወዳለው ቦታ ቢያዛውሩ ደም ያድናሉ።

ከምድሩ ቀጥሎ አየሩ ይመጣል። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1742 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ከእርሱ በፊት የነበሩ ሊቃውንት ከገመቱት ይልቅ አየር አረርን እጅግ አብዝቶ እንደሚከላከል በመለኪያ አረጋገጠ። ብቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ስለሚገኙ፥ አየራቸው ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሣሣ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በሚያልፈው በጮቄ ራስ ላይ ደግሞ ሲሶው ያህል ጐድሏል። ለዚህ ምስክሩ ከማጀት አይርቅም፤ ውሃ በብቸና 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ግድም ይፈላል፥ ባቄላም ከቆላው ይልቅ በደጋው ለመብሰል ይዘገያል። በሣሣ አየር ውስጥ አረሩ ፍጥነቱን ብዙ አያጣም፤ ቶሎ ስለሚደርስም ጥቂት ይወድቃል፥ ስለዚህ በአውሮፓ ከተቀረጸው ቍጥር ከፍ ብሎ ይመታል። በ100 ሜትር ይህ አይታወቅም፤ በሩቅ ዒላማ ግን ገደሉ ከሚጨምረው ከፍታ ጋር ይደመራል። ተኳሹ ራሱ ከብቸና ደጋ ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ዓባይ ዳር ቆሞ ቢተኵስ ደግሞ አየሩ ስለሚወፍር አረሩ በደጋ ከለመደው ዝቅ ይላል፤ የቆላው ሙቀት አየሩን መልሶ ስለሚያሣሣው ግን ልዩነቱ ከፍታው ብቻ ከሚያሳስበው ያንሳል።

የነፋስ ነገር ከዚህ ሁሉ የረቀቀ ነው። አረሩን ነፋስ እንደ ቅጠል አይወስደውም። ሊቃውንት ያገኙት ሕግ እንዲህ ይላል፤ አረሩ ያለ አየር ቢሄድ ይፈጅበት ከነበረው ጊዜ፥ በአየር ውስጥ ምን ያህል እንደ ዘገየ ይታሰባል፤ ያ የዘገየበት ጊዜ በነፋሱ ፍጥነት ሲባዛ የተገፋበትን ርቀት ይሰጣል። ለምሳሌ የውጅግራ አረር 450 ሜትር ለመድረስ ያለ አየር 1 ሴኮንድ ይበቃው ነበር፤ በአየር ውስጥ 1.3 ሴኮንድ ፈጀ እንበል። ከጐን የሚነፍሰው ነፋስ በሴኮንድ 4 ሜትር ቢሆን፥ 4 በ0.3 ተባዝቶ 1 ሜትር ከ20 ይሆናል። ይህ የሰው ትከሻ ሁለት እጥፍ ያልፋል። ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ አረሩን ጥቂት ዝቅ፥ ከኋላ የሚመጣውም ጥቂት ከፍ ያደርገዋል፤ ሁለቱም ከጐን ነፋስ ጋር ሲነጻጸሩ ኢምንት ናቸው።

በገደል አገር ግን ከሜዳ ሰው የተሰወረ ሌላ ነፋስ አለ፤ ይኸውም ሽቅብ የሚነፍሰው ነው። ፀሐይ የገደሉን ፊት ባሞቀች ጊዜ ከቆላው የሚነሣው አየር ቋጥኙን ተከትሎ ወደ አፋፉ ይወጣል፤ ጆፌ አሞራ ክንፉን ሳያራግብ የሚንሳፈፈው በዚሁ ነው። ያው ሕግ እዚህም ይሠራል፤ በሴኮንድ 2 ሜትር ሽቅብ የሚነፍስ ነፋስ አረሩን በመንገዱ ሁሉ ቢያገኘው በዚያው ርቀት 60 ሳንቲ ሜትር ያነሣዋል። እንግዲህ በቀትር ከአፋፍ ቍልቍል የሚተኵስ ሰው ተዳፋቱ፥ የሣሣው አየርና ሽቅብ ነፋሱ ሦስቱም ወደ አንድ ወገን፥ ወደ ላይ፥ ያሳስቱታል። ጠመንጃው ግን ምንም አልሆነ።

ነፋሱን ለማወቅ የተኳሹ ጕንጭ አይበቃም። ከሞጣ በኩል ወደ ዓባይ ሲወረድ፥ እንደ ሰባራ ድልድይ ባለው ጠባብ ስፍራ፥ አፋፉ ጸጥ ብሎ ሳለ ነፋሱ በወንዙ ሸለቆ ውስጥ እንደ ቦይ ውሃ ሊሮጥ ይችላል። ስለዚህ በመካከል ያለው ሣር፥ የጎጆ ጢስ፥ የጤፍ ማሳ መተኛቱ ይታይ። ከዒላማው አጠገብ ያለው ነፋስ ብቻ የሚያሳስበው ተኳሽም ይሳሳታል፤ ከአፈ ሙዙ አጠገብ የተገፋ አረር መስመሩን ይዞ እየራቀ ስለሚሄድ፥ ቅርቡ ነፋስ ከሩቁ ይልቅ ይጐዳዋል።

አንድ ትንሽ ነገር ለጠያቂ ተማሪ ይጨመር። በበርሜል ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ አረሩን እንደ እንዝርት ያሽከረክረዋል። የውጅግራው ቦይ ወደ ግራ ሲዞር የጣልያኑ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ በዚህም ምክንያት ከቀኝ የሚመጣ ነፋስ የጣልያኑን አረር ከመግፋቱ ሌላ ጥቂት ከፍ፥ የውጅግራውን ግን ጥቂት ዝቅ ያደርገዋል። መጠኑ ጣት ተጋድሞ የሚለካ ነውና በዚህ የሚከራከሩ ተኳሾች ብዙ ጊዜ የሚከራከሩበት ሌላ ነገር አላቸው።

ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ የደጋው አየር ቀዝቅዞ ይከብድና በተዳፋቱ ላይ ቍልቍል መንሸራተት ይጀምራል፤ የጎጆውም ጢስ ከመነሣት ይልቅ ወደ ሸለቆው ይተኛል። በቀትር ከቋጥኙ በላይ ይመታ የነበረው ተኳሽ፥ ቍጥሩን በቀትሩ ልክ ዝቅ አድርጎ ከተወው፥ በዚህ ሰዓት አቧራውን ከዒላማው በታች ያየዋል። ሰዓቱም ከብት ከግጦሽ በገደሉ መንገድ የሚመለስበት ስለ ሆነ፥ ዒላማው ይነቀላል።