በመቀመጫ በኩል ስለሚሰጥ መድኃኒት
(ለዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ዕድር ለቀብር ብቻ ሳይሆን በሕይወት ሳለን መመካከሪያም ነውና፣ ዛሬ አፍረን ስለማናነሣው ነገር ልናገር። ይኸውም ፋርማሲ «ሰፖዚቶሪ» ስለሚሉት፣ በመቀመጫ በኩል ስለሚገባው መድኃኒት ነው። ይህ አይዋጥም።

ለምን በዚያ በኩል ቢባል፣ የሚያስመልሰውና መዋጥ ያቃተው በሽተኛ ስላለ ነው። መድኃኒቱ በገላ ሙቀት ቀልጦ በአንጀት በኩል ወደ ደም ይገባል።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ እጅን በሳሙና መታጠብ። መድኃኒቱ ለስልሶ እንደሆነ ሳይላጥ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጥቂት ማቆየት። ቀጥሎ ሽፋኑን መላጥ። በሽተኛው በግራ ጎኑ ይተኛና ጉልበቱን ይጠፍ። ቀስ ብሎ ካስገቡ በኋላ ተመልሶ እንዳይወጣ ሩብ ሰዓት ያህል ሳይነሣ ይቆይ።

እናቶች ሆይ! ፓራሲታሞል በዚህ መንገድ የተሰጠውን ሕፃን በላዩ ሽሮፑን አትድገሙበት። መድኃኒቱ አንድ ስለሆነ መጠኑ ያልፍና ጉበት ይጎዳል።

ቆላ አገር ዘመድ ያላችሁም ይህን ንገሩልኝ። ወባ ጠንቶበት መዋጥ ላቃተው፣ ከ6 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አርቴሱኔት የሚባል መድኃኒት በዚሁ መንገድ ይሰጣል። ይህ ግን እስከ ሐኪም ማድረሻ እንጂ ማዳኛ አይደለም። ልጁ ነቃ አለ ተብሎ ወደ ቤት ቢመለስ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መገስገስ ነው።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። በመድኃኒቱ ያፈረም ያው ነው።