የቦርዱ ነጻነት የሚታየው በር ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ነው

(ለወጣቶች መድረክ የቀረበ ንግግር)



ምርጫ በተነሳ ቁጥር እኛ ወጣቶች የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ቦርዱን ማን ነው የሚመራው?» ሰውየው ይታመናል ወይ? ድሮ የት ነበር? የማን ወዳጅ ነው? ጥያቄው መጥፎ አይደለም። ግን እዚያ ላይ ከቆምን ዋናው ነገር ያመልጠናል። አንድ ሰው ጨዋ ስለሆነ ብቻ የምርጫ ቦርድ ነጻ አይሆንም። ማን ሾመው? በጀቱን ማን ይሰጠዋል? ታች ወረዳ ላይ በማን ቢሮ፣ በማን መኪና ይሠራል? የቆጠራውን ውጤት ማን ያየዋል? ነጻነት የነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።

ከሕጉ እንጀምር። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 102 ከማንኛውም ተጽዕኖ ነጻ የሆነ የምርጫ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። ደስ ይላል። እዚያው አንቀጽ ላይ ግን የቦርዱን አባላት ለፓርላማ የሚያቀርበው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያሸነፈው ፓርቲ ሰው ነው፣ ፓርላማውም በብዛት የዚያው ፓርቲ ነው። ታዲያ ይሄ ተጫዋቹ ዳኛውን ሲመርጥ አይደለም እንዴ?

ይህ ምን እንደሚያስከትል በ1997 አይተነዋል። ያኔ የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ከማል በድሪ ነበሩ። እኚሁ ሰው በዚያው ጊዜ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትም ነበሩ። እስቲ አስቡት! በቦርዱ ውሳኔ የተከፋ ፓርቲ ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድ፣ የፍርድ ቤቶቹን ቁንጮ የሚመሩት የቦርዱ ሰብሳቢ ራሳቸው ናቸው። ሰውየው መልካም ይሁኑ ክፉ፣ ለዚህ ክርክር አያስፈልገንም። አሠራሩ ራሱ ተሸናፊው እንዳያምን የተሠራ ነበር። አቤቱታው የሚሰማበት ቦታ ያጣ ሰው አደባባይ ይወጣል። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን ቆጠረ። ለዚያ ደም ተጠያቂው ቦርዱ ነው እያልኩ አይደለም። ሁሉም ወገን የሚያምነው ቆጣሪ ቢኖር ግን ክርክሩ በወረቀት የማለቅ ዕድል ነበረው።

ከዚያስ? በ2002 ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545 ወሰዱ። በ2007 ደግሞ 547ቱንም። አንድም ሳይቀር! ይሄ ድል ለአሸናፊው ምን ጠቀመው? ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በየካቲት 2010፣ ሀገሪቱ በተቃውሞ ተናውጣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። ሕዝብ ያላመነው ውጤት መንግሥትንም አያቆምም። ስለዚህ ነጻ ቦርድ የተቃዋሚ ጥያቄ ብቻ አይደለም፣ የገዢውም ዋስትና ነው። አባቶቻችን በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላሉ። ዛሬ ቁናውን የያዘ ሁሉ ይህን ቢያስብ ጥሩ ነው።

በ2011 ለውጥ መጣ። ከ1997 ምርጫ በኋላ የታሰሩት የቅንጅት መሪ ብርቱካን ሚደቅሳ የቦርዱ ሰብሳቢ ሆኑ። አዋጅ 1133 ወጣ፣ ዕጩዎች በኮሚቴ ተመልምለው እንዲቀርቡ ተደረገ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፣ መካድ አያስፈልግም። ሰኔ 14 ቀን 2013 የተደረገው ምርጫ ግን ሌላ ነገር አሳየን። ቦርዱ ራሱ፣ አንዳንድ ክልሎች ለምርጫ ክልል ጽሕፈት ቤት የሚሆን ቢሮ በጊዜው አልሰጡኝም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። አያችሁ? አዲስ አበባ ላይ ያለው ሰብሳቢ የቱንም ያህል ነጻ ቢሆን፣ የቢሮው ቁልፍ በአስተዳዳሪው ኪስ ከሆነ ነጻነቱ ግማሽ ነው።

በዚያው ዓመት ሌላም ነገር ሆነ። ሰበር ሰሚ ችሎት የታሰሩት የባልደራስ መሪዎች በዕጩነት ይመዝገቡ ብሎ ወሰነ። ቦርዱ መጀመሪያ ጊዜው አልፏል ብሎ ነበር፣ በኋላ ግን ውሳኔውን ተቀበለ። ትክክለኛው ነጻነት ይሄ ነው፦ ከመንግሥት ትእዛዝ ነጻ፣ ከሕግ በታች።

አሁን ጎረቤታችንን ኬንያን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት ሻረ። በ2022 ደግሞ የምርጫ ኮሚሽኑ ከየጣቢያው የመጣውን የውጤት ቅጽ ሁሉም ሰው እንዲያየው በኢንተርኔት ለቀቀ። ከዚያ ጉድ ተፈጠረ፦ ከሰባቱ ኮሚሽነሮች አራቱ ውጤቱን አንቀበልም አሉ! በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ብቻውን እሳት ይጭር ነበር። ግን ቅጹ በሕዝብ እጅ ነበር። ጋዜጠኛውም ተማሪውም ራሱ መደመር ይችላል። ፍርድ ቤቱም መርምሮ ውጤቱን አጸና። ኮሚሽነሮች ሲከፋፈሉ ሀገሪቱን የያዛት ወረቀቱ ነው።

እኛም ጋ ከቆጠራ በኋላ ውጤት በምርጫ ጣቢያው ይለጠፋል። ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽ ይሁን። አንደኛ፣ የተለጠፈው የእያንዳንዱ ጣቢያ ውጤት በቦርዱ ድረ ገጽ ላይም ይውጣ። ሁለተኛ፣ ቦርዱ ቢሮና መኪና ከአስተዳደር የሚለምን አይሁን። ሦስተኛ፣ ዕጩ አባላቱ ከመሾማቸው በፊት ሕዝብ በግልጽ ይጠይቃቸው።

የእኛስ ድርሻ? ፌስቡክ ላይ «ተጭበረበረ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ጣቢያው ላይ ማልዶ ተገኝቶ፣ ኮሮጆው ባዶ መሆኑን አይቶ፣ እስከ ሌሊት ቆጠራ መጠበቅ ግን ከባድ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። አንድ ፓርቲ ብቻውን ሁሉንም ጣቢያ አይሸፍንም። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ጣቢያ ከያዝን ግን ይሸፈናል።

ምርጫ አስፈጻሚ ሲፈለግ ተመዝገቡ፣ ሥራውንም ያለ አድልዎ ሥሩ። የሲቪክ ድርጅቶች ታዛቢ ሲያሠለጥኑ ሂዱ። የምትደግፉት ፓርቲ ካለም በወኪልነት ቁሙለት። ውጤቱ በር ላይ ሲለጠፍ አንብቡት፣ መዝግቡት፣ ቦርዱ በኋላ ከሚያወጣው ጋር አስተያዩት። ልክ ከሆነ፣ ያሸነፈው የማትወዱት ቢሆንም ልክ ነው በሉ። ልክ ካልሆነ ማስረጃችሁን ይዛችሁ አቤት በሉ።