የትምህርት ካላንደር ሲዘዋወር ተማሪዎቻችንን እንዴት እንያዝ?



ለዛሬ የመረጥነው ርዕስ በብዙ ቤቶች ውስጥ ያለ፣ ግን በግልጽ የማንወያይበት ጉዳይ ነው። ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ የትምህርቱ ካላንደር ሲገፋ ወይም ሲጣበብ እኛ ቤተሰቦቹ ምን እናድርግ?

ቀድሞ ነገሩ ቀላል ነበር። መስከረም ሲጠባ ሻንጣ ይታሰራል፣ ሰኔ ሲያልቅ ልጅ ይመለሳል፤ ወጪውም በዚያው ይሰላል። ይህ ስሌት የፈረሰው በመጋቢት 2012 ነው። በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው ሰደዱ። በ2013 የመጀመሪያ ወራት በቅድሚያ ተመራቂዎች ተጠሩ፣ ሌሎቹ በየተራ ተከተሉ። የ2012 የ12ኛ ክፍል ፈተናም እስከ የካቲት መጨረሻ 2013 ተገፋ፤ የ2014ቱ ደግሞ የተሰጠው 2015 ከገባ በኋላ ነው። ጦርነቱ ወሎ ሲደርስም የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት እንደገና ተቋረጠ። በእነዚያ ዓመታት ተማሪ የነበረ ልጅ ስንት ጊዜ ሻንጣውን እንዳሰረና እንደፈታ ወላጆቹ ያውቁታል።

በዚያ ጊዜ ያስተዋልነውን እንንገራችሁ። ወንዱ ልጅ ቤት ሲቀመጥ ሱቅ ላይ ይቆማል፣ ጥቂት ገንዘብ ይይዛል። ጥሪ ሲመጣ ቤተሰቡ «አሁን ትቶ ቢሄድ ሥራው ይበላሻል» ይላል። ሴቷ ልጅ ደግሞ «እስከ መቼ ትቀመጣለች?» ይባልላትና ሽማግሌ ይገባል። ኒካሕ መልካም ነገር ነው፤ እሱን አልተቃወምንም። ነገር ግን ሦስተኛ ዓመት የደረሰች ልጅ ትምህርቷን የምትቀጥልበት መንገድ ሳይነሳ ቀን ሲቆረጥ እያየን ዝም ማለት አልነበረብንም። አባት ከሙሽራው ወገን ጋር ስለ መህር የሚነጋገረውን ያህል ስለ ቀሪዎቹ ዓመታት ቢነጋገር ምን ነበረበት?

ተማሪን መያዝ ለኛ ባዕድ አይደለም። በወሎ እንደ ዳናና ጀማ ንጉሥ ባሉ የዒልም ቦታዎች ከሩቅ አገር የመጣውን ደረሳ ያበላው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ደረሳው ኪታቡን የሚጨርሰው ሲገባው ነበር፤ የሚቀበለውም ሰው «ስንት ወር ቀረህ?» ብሎ አይቆጥርበትም ነበር። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪስ ሲሆን ለምን ትዕግስታችን አጠረ?

እኛ ጳውሎስ አካባቢ ያለነው ደግሞ ሌላም ነገር እናያለን። በ2000 የሕክምና ትምህርት የተጀመረበት የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ጎረቤታችን ነው። የሕክምና ተማሪ ወደ ሆስፒታሉ ሥራ ከገባ በኋላ ዓመቱ በመስከረምና በሰኔ አይለካም፤ ተረኛ ሲሆን ዋርድ ያድራል፣ ተራው በዒድ ቀንም ሊደርስበት ይችላል። ክፍለ ሀገር ያለችው እናት «የሰው ልጅ ሁሉ ለዒድ መጣ፣ የኔስ ምን ነካው?» ትላለች። በመስጊድ በር ድካም ፊቱ ላይ የሚታይበት ነጭ ጋወን የያዘ ወጣት ስናይ ለፍጡር ቤታችን ብንጠራው ብዙ አያስወጣንም።

ረመዳንም አለ። የሂጅራው ዓመት ከኢትዮጵያው በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዳን በየዓመቱ ቀደም እያለ ይመጣል። ካላንደሩ ሲጣበብ ፈተናው እላዩ ላይ ያርፋል። በ2013 ሚያዝያ 5 ጾሙ ሲገባ ዩኒቨርሲቲዎች የባከነውን ጊዜ ለማካካስ እየተጣደፉ ነበር። ከቤቷ ተመላልሳ የምትማር ልጅ ከክፍል እንደ መጣች ሳምቡሳ ስትጠቀልል፣ ሾርባ ስታማስል መግሪብ ይደርሳል፤ ከዚያ ዕቃ ታጥባለች። ደብተር የምትይዘው እኩለ ሌሊት ነው። ወንድሟ ግን ተራዊሕ ሰግዶ ያነባል ወይም ይተኛል። በፈተና ሳምንት ሳምቡሳው ቢቀር ጾማችን አይጎድልም። ወይም ወንድምየው ይጠቅልል፤ እጅ አለው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ጥሪ በድንገት ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው የመሳፈሪያ ብር ነው። ስለዚህ ልጁ ቤት ሳለ የመመለሻው ወጪ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ለሌላ ነገር አይነካ። ያልቻለ ጎረቤት ካለ የመስጊዱ ጀመዓ ወይም ዕድሩ ይወቀው። የተቸገረ ተማሪ ዘካ የሚደርሰው እንዴት እንደሆነም ዑለማዎቻችንን እንጠይቅ።

በሕመም ወይም በችግር መመለስ ፈጽሞ ካልተቻለስ? ዝም ብሎ መቅረት ይብሳል። ልጁ ወይም ልጅቱ ወደ ሬጅስትራር ሄደው የዊዝድሮዋል ቅጽ በጊዜው ይሙሉ፣ ኮፒውንም ይያዙ፤ ሳይሞሉ የቀሩ ለመመለስ ሲያመለክቱ ይቸገራሉና። ወላጅም ያ ወረቀት ቤት ውስጥ የት እንደተቀመጠ ይወቅ።