ከገደል የወደቀን ሰው አታስነሡት፦ የአከርካሪ ስብራት ሕክምና

የላስታው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከፍታ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። በላስታ ደጋ ገደል አፋፍ ላይ ይታረሳል፣ ከብትም ይጠበቃል፤ ሰውም ይወድቃል።

ወድቆ ጀርባውን ያመመውን ሰው ደግፋችሁ አታስነሡት፤ በበቅሎም አትጫኑት። አንዱ ጭንቅላቱንና አንገቱን፣ ሌሎቹ ትከሻውን፣ ዳሌውንና እግሩን ይዛችሁ እንደ ግንድ ባንድ ጊዜ አዙሩት። ቃሬዛው መሐሉ እንዳይረግብ ጣውላ አንጥፉበት። ወጌሻ የምናከብረው ባለሙያ ነው፤ አከርካሪ ግን አይታሽም! ውስጡ ሕብለ ሰረሰር አለ፤ የተሰበረው አጥንት ከተንቀሳቀሰ ሊቆርጠው ይችላል።

ስብራት ሁሉ ቀዶ ሕክምና አይፈልግም። አጥንቱ ከቦታው ካልተናጋና እግር ካልደነዘዘ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ የጀርባ መደገፊያና ሐኪም በሚያዘው መጠን ቀስ በቀስ መራመድ ይበቃል። አብዛኛው በ3 ወር ገደማ ይጠገናል። ከተናጋ ወይም ነርቭ ከተጫነ ግን በብሎንና በብረት ዘንግ ይታሰራል። ይህን የሚሠራው እንደ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ነው። እግር ከሰነፈ፣ ሽንት እንቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ ለነገ አይባልም፤ ሪፈር በዚያው ቀን ይጠየቅ።

በዕድሜ የገፉ እናቶች አጥንታቸው ስለሚሳሳ ውኃ ሲያነሡ እንኳ ሊሰበሩ ይችላሉ። ሳይወድቅ ጀርባው ለወራት የሚያመው፣ የሚያተኩሰውና የሚከሳ ሰው ደግሞ ለአከርካሪ ቲቢ ይመርመር። ቲቢው አጥንቱን በልቶ ያጎብጣል፤ መድኃኒቱ ወራት ይፈጃል፣ በመንግሥት ጤና ተቋማት ግን በነፃ ይሰጣል።